አር ኤን ኤ ቫይረስ ከሴላችን የማያገኘው ኢንዛይም

ጥያቄ፦ «ትምህርት ቤት ስንማር ቫይረስ የራሱ ኢንዛይም የለውም፣ ለመራባት የሴላችንን ዕቃ ነው የሚጠቀመው ተብለናል። አሁን ደግሞ የኮሮናና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የቫይረሱን ኢንዛይም ያግዳሉ ሲባል እሰማለሁ። የሌለውን ነገር እንዴት ነው የሚያግዱት? ካለውስ፣ ሁሉም አር ኤን ኤ ቫይረስ በኢንዛይም የሚራባ ከሆነ፣ እንደ አንቲባዮቲክ ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት ለምን አይሠራም? እንዲህ ዓይነቱን መድኃኒት ቤት ውስጥ ማስቀመጥስ ይጠቅማል?»

ምላሽ፦ የተማሩት ግማሹ ትክክል ነው። ቫይረስ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የለውም። ኃይል የሚያመነጭበት መንገድም የለውም። ጥሬ ዕቃውን፣ ኃይሉን፣ የፕሮቲን ማምረቻውን ከሴላችን ነው የሚወስደው። «የራሱ ኢንዛይም (የኬሚካል ሥራ የሚያካሂድ ፕሮቲን) የለውም» የሚለው ግን ስህተት ነው፤ በተለይ ስለ አር ኤን ኤ ቫይረሶች ስናወራ። እነዚህ ቫይረሶች ያለ እሱ መኖር የማይችሉት አንድ ሥራ አለ፤ ያንን ሥራ ደግሞ የእኛ ሴል አይሠራላቸውም።

ሴላችን መረጃውን የሚያስቀምጠው በዲ ኤን ኤ ነው። ሲከፈል ዲ ኤን ኤን ከዲ ኤን ኤ ላይ ይቀዳል። ፕሮቲን መሥራት ሲፈልግ አር ኤን ኤን ከዲ ኤን ኤ ላይ ይቀዳል። አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ ላይ መቅዳት ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው ሴል ለዚህ የተሠራ ኢንዛይም የለውም፤ አያስፈልገውማ። አር ኤን ኤ ቫይረስ ደግሞ፣ ኋላ ከማነሳቸው ጥቂቶች በስተቀር፣ መረጃው ያለው አር ኤን ኤ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያለዚህ ኢንዛይም አንድም ልጅ አይወልድም። ስለዚህ የኢንዛይሙን መመሪያ በራሱ ጂኖም (በመረጃው ጠቅላላ ስብስብ) ውስጥ ይዞ ይዞራል። ኢንዛይሙ አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ የሚሠራ ፖሊሜሬዝ ይባላል። ከዚህ በኋላ ባጭሩ ፖሊሜሬዝ እለዋለሁ።

ቅርጹ በግማሽ የተጨበጠ ቀኝ እጅ ይመስላል። ባለሙያዎችም ክፍሎቹን ጣቶች፣ መዳፍ እና አውራ ጣት ብለው ነው የሚጠሯቸው። ሥራው ያለው መዳፉ ላይ ነው። እዚያ ሁለት የማግኒዚየም አዮኖች ተቀምጠው አዲሱን ፊደል (አር ኤን ኤ የሚገጣጠምበትን አንድ ክፍል) ከሰንሰለቱ ጫፍ ጋር ለማያያዝ ይረዳሉ። ይህ የመዳፍ ክፍል ከፖሊዮ እስከ ኮሮና፣ ከኢንፍሉዌንዛ እስከ ኢቦላ ድረስ በአሠራሩ ይቀራረባል። ይህን ይያዙልኝ፤ አንድ መድኃኒት ለብዙ ቫይረስ ይሆን እንደሆነ ስናይ ያስፈልገናል።

ቫይረሱ ፖሊሜሬዙን ከየት ያገኘዋል? ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ እንደ ቫይረሱ ዓይነት ስለሚለያይ።

የፖሊዮ፣ የዴንጊ፣ የቢጫ ወባ፣ የሄፓታይተስ ሲ እና የኮሮና ቫይረሶች አር ኤን ኤ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ራይቦዞማችን በቀጥታ ሊያነበው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ እነዚህ ቫይረሶች ፖሊሜሬዙን ተሸክመው አይመጡም። መመሪያውን ይዘው ይገባሉ፣ የኛው ራይቦዞም ኢንዛይሙን ሠርቶ ያስረክባቸዋል። የፖሊዮን አር ኤን ኤ ብቻውን፣ ምንም ፕሮቲን ሳይጨምሩ፣ ሴል ውስጥ ቢያስገቡት ሙሉ ቫይረስ ይመረታል። የተማሩት ነገር ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም። የፖሊዮን ቅንጣት (ከሴል ውጭ ያለውን አንድ ሙሉ ቫይረስ) ከፍተው ቢፈትሹ ፖሊሜሬዝ አያገኙበትም። መመሪያው ላይ ግን ተጽፏል።

እዚህ ጋ ሁለተኛ ኢንዛይም ይገባል። የፖሊዮ ጂኖም 7,500 ያህል ፊደላት አሉት። ራይቦዞሙ የፕሮቲኑን መመሪያ ሳያቋርጥ አንብቦ አንድ ረጅም ፕሮቲን ያወጣል። ይህ ፕሮቲን እንዳለ ምንም አይሠራም፤ መቆራረጥ አለበት። ቆራጩ ፕሮቲዬዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ እሱም የዚያው ረጅም ፕሮቲን አካል ነው። ራሱን ቆርጦ ያወጣና የቀሩትን ይቆራርጣል። ፖሊሜሬዙ ነጻ የሚወጣው በዚህ መቁረጥ ነው። ፕሮቲዬዙ ከታገደ ፖሊሜሬዝ የለም፤ ፖሊሜሬዝ ከሌለ ቅጂ የለም። ኮሮና ቫይረስ ሁለት ፕሮቲዬዞች አሉት፤ በነሱ ቁረጣ 16 ፕሮቲኖች ይወጣሉ።

ከዚያ ቅጂው ይጀመራል። ፖሊሜሬዙ መጀመሪያ ተቃራኒውን «ኔጌቲቭ» ሰንሰለት ይሠራል፤ ከሱ ላይ ደግሞ ብዙ ፖዘቲቭ ይቀዳል። በመሃል ሁለት ሰንሰለት ያለው አር ኤን ኤ ይፈጠራል። ይህ ለሴላችን የአደጋ ምልክት ነው። ምልክቱን የሚለዩ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱ ኢንተርፌሮን የሚባል የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን እንዲመረት ያስነሳሉ። ቫይረሱም እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። የሴሉን የውስጥ ሽፋኖች አጣጥፎ ጓዳ ይሠራና እዚያ ተደብቆ ይቀዳል። የኮሮና ቫይረስ በአር ኤን ኤው ጫፍ ላይ የእኛን የሚመስል ቆብ የሚያጠልቁ ኢንዛይሞችም አሉት። ሴሉ የራሱ መስሎት እንዲያልፈው ነው።

ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ኢቦላ እና የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ሌላ ወገን ናቸው። አር ኤን ኤያቸው «ኔጌቲቭ» ነው፤ የመልእክቱ ተቃራኒ። ራይቦዞማችን የሚፈልጉትን ፕሮቲን ከሱ ላይ ሊያነብላቸው አይችልም። መጀመሪያ ወደ ፖዘቲቭ መቀዳት አለበት። መቅጃው ደግሞ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ እነዚህ ቫይረሶች የተሠራ ፖሊሜሬዝ ቅንጣታቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚገቡት። በ1970 ዴቪድ ባልቲሞርና ባልደረቦቹ ከእብድ ውሻ ቫይረስ ጋር የሚዛመድ አንድ የከብት ቫይረስ ቅንጣት ውስጥ ይህን ኢንዛይም አገኙት። የነዚህን ቫይረሶች አር ኤን ኤ ብቻውን ሴል ውስጥ ቢያስገቡ ምንም አይሆንም። ሮታ ቫይረስም እንደዚሁ ኢንዛይሙን ይዞ ይመጣል፤ አር ኤን ኤውን ከቅርፊቱ ሳያወጣ እዚያው ውስጥ ሆኖ ይቀዳል።

ስለ ኢንፍሉዌንዛ አንድ ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። አብዛኞቹ አር ኤን ኤ ቫይረሶች ከኒውክሊየስ (ዲ ኤን ኤ ከሚቀመጥበት የሴል ክፍል) ውጭ ነው የሚራቡት። ኢንፍሉዌንዛ ግን ኒውክሊየስ ውስጥ ይገባል። የሚገባው ለስርቆት ነው። ፖሊሜሬዙ ሦስት ፕሮቲኖች አሉት። አንዱ የእኛን አዲስ አር ኤን ኤ በቆቡ ይይዘዋል። ሌላው ቆቡን ከ10 እስከ 13 ከሚሆኑ ፊደላት ጋር ቆርጦ ይወስዳል። ሦስተኛው ከዚያች ቁራጭ ጀምሮ የቫይረሱን መልእክት ይጽፋል። የሴላችን መልእክት ቆቡን ሲያጣ ይበላሻል፤ የቫይረሱ መልእክት በተሰረቀ ቆብ ይሰራጫል። ባሎክሳቪር የተባለው መድኃኒት ያንን ቆራጭ ክፍል ያግዳል። ኦሴልታሚቪር ግን ቅጂውን አይነካም። እሱ የሚያግደው ኑራሚኒዴዝን ነው፤ ያ ኢንዛይም የተሠራው ቫይረስ ከሴሉ ላይ ተላቆ እንዲሄድ የሚያደርግ ነው። ሁለቱም «የቫይረስ ኢንዛይም የሚያግዱ» ናቸው፤ የሚያግዱት ደረጃ ግን ለየቅል ነው።

ኤች አይ ቪን ከኮሮና ጋር በአንድ መደብ ያስቀመጡት ይመስለኛል። እዚህ ላይ ላርምዎት። ኤች አይ ቪ ጂኖሙ አር ኤን ኤ ነው፤ አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ ላይ ግን አይቀዳም። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ በሚባል ኢንዛይም አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ ይለውጠዋል። ይህን ኢንዛይም ሃዋርድ ተሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በየፊናቸው በ1970 አገኙት። በ1975 ከሬናቶ ደልቤኮ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል። ከዚያ ኢንቴግሬዝ የሚባል ሌላ የቫይረሱ ኢንዛይም ያንን ዲ ኤን ኤ ከእኛ ዲ ኤን ኤ ጋር ያጋምደዋል። ከዚህ በኋላ አዲስ የቫይረስ አር ኤን ኤ የሚቀዳው የኛው ሴል ኢንዛይም ነው፤ ሴሉ የራሱን ጂን የሚያነብ ነው የሚመስለው።

ኤች አይ ቪ በመድኃኒት ቁጥጥር ሥር ውሎ ከሰውነት የማይጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። መድኃኒቶቹ ኢንዛይሞቹን ያግዳሉ፤ አዲስ ሴል እንዳይያዝ ያደርጋሉ። ቀድሞ የተጋመደውን ዲ ኤን ኤ ግን አይነቅሉትም። ለዓመታት አንቀላፍተው የሚቆዩ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ የሚመለሰው ከዚያ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ግን ከእኛ ዲ ኤን ኤ ጋር ስለማይጋመድ፣ ፖሊሜሬዙና ሌሎች ፕሮቲኖቹ በአንድ ላይ ሲታገዱ ጨርሶ ይጠፋል። በሶፎስቡቪር ላይ የተመሠረቱ ጥምር ሕክምናዎች ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ከ100 ታካሚ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ያድናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ፤ ወደ ስህተቱ። ፖሊሜሬዝ ሲቀዳ ይሳሳታል። የሰው ሴል ዲ ኤን ኤውን ሲቀዳ ያርማል፣ መልሶ ያያል፣ የተበላሸውን ይጠግናል። አብዛኞቹ የአር ኤን ኤ ቫይረስ ፖሊሜሬዞች ማረሚያ የላቸውም። በግምት ከ10 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ከሚሆኑ ፊደላት አንዱን ይሳሳታሉ። ጂኖሙ 10 ሺህ ፊደላት ገደማ ከሆነ፣ ብዙ ቅጂዎች ከእናታቸው በሆነ ነገር ይለያሉ ማለት ነው። አብዛኛው ስህተት ቫይረሱን ይጎዳዋል። ጥቂቱ ግን መድኃኒት ወይም የሰውነት መከላከያ የማይዘው አድርጎ ያወጣዋል። ሕክምና ያልጀመረ የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ በቀን ወደ 10 ቢሊዮን የሚጠጋ አዲስ ቫይረስ ይመረታል። ይህን ቁጥር ከስህተቱ ጋር ሲያስቡት፣ አንድ መድኃኒት ብቻውን ለምን ቶሎ እንደሚሸነፍ ግልጽ ይሆናል። ለዚህ ነው የኤች አይ ቪ ሕክምና ከአንድ በላይ መድኃኒት የሚያጣምረው። ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ የሚያመልጥ ስህተት በአጋጣሚ መፈጠሩ እጅግ ከባድ ነውና።

«ታዲያ ቫይረሱ ለምን የማይሳሳት ፖሊሜሬዝ አላዳበረም?» ማለትዎ አይቀርም። ተመራማሪዎች ከወትሮው ያነሰ የሚሳሳት ፖሊሜሬዝ ያለው የፖሊዮ ቫይረስ አግኝተው አይጦች ላይ ሞክረውታል። ቫይረሱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ብዝኃነቱ ስለቀነሰ ሰውነት ውስጥ የሚገጥመውን የተለያየ ሁኔታ መወጣት አቃተው። ከልክ በላይ ስህተትም ቢሆን ያጠፋዋል። ቫይረሱ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ መስመር ላይ ነው።

ኮሮና ቫይረስ እዚህም ይለያል። ጂኖሙ 30 ሺህ ያህል ፊደላት አሉት፤ ለአር ኤን ኤ ቫይረስ ይህ ትልቅ ነው። ይህን ያህል ርዝመት ያለ ማረሚያ ቢቀዳ በስህተት ይሞላ ነበር። ስለዚህ የተሳሳተውን ፊደል ከጫፍ ቆርጦ የሚያወጣ አራሚ ኢንዛይም አለው። በላቦራቶሪ ይህ አራሚ ሲሰናከል የአንዳንድ ኮሮና ቫይረሶች ስህተት ከ10 እጥፍ በላይ ጨምሯል። አራሚው ለመድኃኒት ሠሪዎችም ራስ ምታት ነው። እንደ ሪባቪሪን ያሉ የቆዩ የሐሰት ፊደላትን ነቅሎ ይጥላቸዋል።

የሐሰት ፊደል ያልኩት አንዱን የመድኃኒት ስልት ነው። መድኃኒቱ ከእውነተኛው ፊደል ጋር ተመሳስሎ ይቀርባል፤ ፖሊሜሬዙም አምኖ ሰንሰለቱ ውስጥ ያስገባዋል። ሶፎስቡቪር ከገባ ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። ሬምደሲቪር ትንሽ ያዘገያል፤ ከገባ በኋላ ጥቂት ፊደላት ይጨመሩና ፖሊሜሬዙ ይገታል። አራሚው ሬምደሲቪርን በቀላሉ የማይነቅለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሞልኑፒራቪር ደግሞ ሰንሰለቱን አያቆምም። ቅጂው ይቀጥላል፤ ግን በስህተት ተጨናንቆ ቫይረሱ የማይረባ ይሆናል። ሌላው ስልት ፕሮቲዬዙን መዝጋት ነው፤ ኒርማትሬልቪር የኮሮናን ዋና ፕሮቲዬዝ መቁረጫ ቦታ ይይዘዋል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት ለምን የለም? መጀመሪያ፣ ለሁሉም ባክቴሪያ የሚሆን አንቲባዮቲክም የለም። ሁለተኛ፣ ፕሮቲዬዞች ከቫይረስ ቫይረስ በጣም ይለያያሉ፤ የኤች አይ ቪን ለመዝጋት የተሠራ መድኃኒት የኮሮናን አይዘጋም። የሚቀራረበው የፖሊሜሬዙ መዳፍ ነው። ሰፊ መድኃኒት ከመጣ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው፤ ሬምደሲቪርም ላቦራቶሪ ውስጥ ከአንድ ቫይረስ ቤተሰብ በላይ ይሠራል። ይሁንና ላቦራቶሪና ሕመምተኛ አንድ አይደሉም። በዴሞክራቲክ ኮንጎ በ2018 እና 2019 በኢቦላ ታማሚዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ሬምደሲቪር በፀረ እንግዳ አካል ሕክምናዎች ተበልጧል። ሐሰተኛው ፊደል የእኛን ኢንዛይሞች ሳይነካ የቫይረሱን ብቻ ማታለል አለበት። ሴሉ ውስጥ ገብቶ ወደሚሠራ መልኩ መለወጥም አለበት። ብዙ ዕጩዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ሄፓታይተስ ዲ የሚባለው ቫይረስ የራሱ ፖሊሜሬዝ ጭራሽ የለውም፤ በእኛው ኢንዛይም ነው የሚቀዳው። እሱን በዚህ መንገድ ማጥቃት የራስን ሴል ማጥቃት ይሆናል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ይህ ቅጠል፣ ይህ ቫይታሚን የቫይረሱን ኢንዛይም ያግዳል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይመጡብዎታል። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ሞልቷል። ጥያቄው ያ ንጥረ ነገር በሚዋጥ መጠን፣ በደም ውስጥ አልፎ፣ የታመመው ሴል ውስጥ በበቂ ክምችት ይደርሳል ወይ ነው። በሰው ላይ ተሞክሮ ካልታየ አይመኑት።

መድኃኒቱን ቤትዎ ውስጥ ማስቀመጥን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አያስቀምጡ። እነዚህ መድኃኒቶች ቅጂን ነው የሚያስቆሙት። እንደ ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና ባሉ ፈጣን በሽታዎች ቅጂው የሚጦፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ኦሴልታሚቪርና ባሎክሳቪር የሚጠቅሙት በዋናነት ምልክት በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ኒርማትሬልቪር በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ምልክቱ ደግሞ የትኛው ቫይረስ እንደያዘዎት አይነግርዎትም። ትኩሳትና ሳል ሁሉም ያመጣሉ፤ የተሳሳተውን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት መዋጥ ጎንዮሽ ጉዳቱን ብቻ መውሰድ ነው።

ጎንዮሽ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ኒርማትሬልቪር የሚሰጠው ከሪቶናቪር ጋር ነው። ሪቶናቪር ቫይረሱን ለመምታት አይደለም የገባው፤ ጉበታችን መድኃኒቱን ቶሎ እንዳይሰባብረው የጉበትን ኢንዛይም ያግዳል። ያው የጉበት ኢንዛይም ግን አንዳንድ የልብ፣ የኮሌስትሮል፣ የሚጥል በሽታና የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶችንም የሚሰባብር ነው። አብረው ከተወሰዱ የነዚያ መጠን በደም ውስጥ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል። ሞልኑፒራቪር በእርግዝና ጊዜ አይመከርም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ ለሌላ ሰው ማካፈል ፈጽሞ አይገባም። በተለይ ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ያለበት ሰው ቴኖፎቪር ወይም ላሚቩዲን በድንገት ቢያቆም ጉበቱ ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ዲ ኤን ኤ ቫይረስ ቢሆንም በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ስለሚራባ እነዚህ መድኃኒቶች ሁለቱንም ይይዛሉ።

ፖሊሜሬዙ በደንብ የሚታወቅ ሆኖ መድኃኒት ያልተገኘለትም አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ፀረ ቫይረስ የለውም። እዚያ ላይ የሚያድነው ቶሎ መቅደም ነው። የተነከሰውን ቦታ ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና ሳሙና አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት መጀመር ያስፈልጋል፤ ሐኪም ካዘዘም ፀረ እንግዳ አካሉን ጭምር። ኩፍኝም ፖሊሜሬዙ የሚሳሳት ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስካሁን ይሠራል። ስለዚህ «አር ኤን ኤ ቫይረስ ስለሚለዋወጥ ክትባት አይጠቅምም» የሚለውንም አይቀበሉ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። የሚገባዎትን ክትባት ይውሰዱ። ዕድሜዎ ከ65 በላይ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የስኳር፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ወይም መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ጤነኛ እያሉ ሐኪምዎን «ትኩሳት ቢይዘኝ የት ነው የምመረመረው?» ብለው ይጠይቁ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን ጽፈው ይያዙ። ሲታመሙ «ነገ ይሻለኛል» ብለው ቀናት አይቁጠሩ፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይመርመሩ። የታዘዘልዎትን ቢሻልዎትም እስከ መጨረሻው ይጨርሱ። ከሌላ ሰው የተረፈ ካለ ለፋርማሲ ይመልሱ።